«ላንድክሩዘር አይሞትም»፦ ተረቱና ሒሳቡ

«ላንድክሩዘር አይሞትም» ይባላል። ሐይቅ ከተማ አስፋልት ዳር፣ ውጫሌም፣ ደሴ ጋራዥ ደጃፍም የሚሰማው ይኸው ነው። ሻንሲውና ዲፈረንሻሉ ጠንካራ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን የጨረታ ማስታወቂያ «ስቴሽን ዋገን» ብሎ የሚጽፋቸው እነ ፕራዶ፣ እነ ኮብራ፣ እነ ቪ8 እስከ ዛሬ የሚሄዱት ስለማይበላሹ አይደለም፤ ባለቤታቸው ሊጥላቸው ስለማይችል ነው። ጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ያለውን ይዞ መጠገን ግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ 100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚመጣው በዶላር ነው።

ስለዚህ «አሮጌ ስለሆነ ጥገናው ይቀላል» የሚለው እምነት ከሁሉም ውዱ ነው። መለዋወጫ የሚተመነው መኪናው አዲስ ሳለ በነበረው ደረጃ እንጂ አሁን በተገዛበት ዋጋ አይደለም። ከፍታውን በሐይድሮሊክ የሚያስተካክል ኮብራ አሞርተዘሩ ሲደክም ሒሳቡ ከቪትዝ ጋር አይገናኝም። ነቅሎ በተራ አሞርተዘርና ሞላ መተካት ይቻላል፤ ይህ ወጪ ግን መደመር ያለበት ከመግዛት በፊት ነው።

«አገራችን ሞቃት ስለሆነ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለው ደግሞ ብዙ ሞተር የበላ ምክር ነው። የትኛው ሙቀት? ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ሐይቅ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ አገር ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ብዙ ይፈጅበታል፤ እስኪሞቅ ድረስ ናፍጣ ያባክናል፣ ቶሎም ያልቃል። ከዚህ የባሰም አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ሲከፈት ውሃውን ወደ ራዲያተር ይለቅና ራዲያተሩን የሚዘለውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሙቀትን ፈርቶ ያስነቀለ ሰው ዳገት ላይ ሙቀቱን ራሱ ጠራው ማለት ነው።

ውሃውስ? የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ወንዝ ይዞት የገባው ማዕድን፣ ውሃው ሲተን እዚያው ይቀራል። ከዚያ በጀሪካን ቀድቶ ራዲያተር የሚሞላ ሰው ማዕድኑን ወደ ቀጫጭን ቱቦዎች እያስገባ ነው። የምንጭና የቧንቧ ውሃም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም፤ ኩላንት የሚጨመረው ዝገቱንም ለመከላከል ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመኪናው ውሃ እዚህ ሙቀት ላይ ደርሶ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፣ ውሃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራው ፕራዶ ላይ ያለው 1ኬዜድ ሞተር በዚህ ስሙ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ቴስታታ ማውረድ፣ ማስላጨት ወይም መቀየር፣ ጉዋርኒሲዮንና የእጅ ዋጋ ነው። መነሻው ግን ክዳን ነበር።

ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር «በፎሌ ስወርድ ነዳጅ እቆጥባለሁ» ሲል የካርቡሬተር ዘመን ትምህርቱን እየደገመ ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሞተር ማርሽ ገብቶ እያለ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ይቆርጣል። ፎሌ ላይ ሲሆን ግን ላለመጥፋት ይጠጣል። ወደ 600 ሜትር በሚጠጋው ቁልቁለት ሙሉ ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ቪ8 ደግሞ ባዶውን ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ አዲሱ ዶት 3 የሚፈላበት ዝቅተኛ ልክ 205 ዲግሪ ሲሆን እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሸራ ቀይሮ ዘይቱን ለዓመታት የማይቀይር ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

«ጉልበቱ ቀንሷል፣ ሞተሩ ይውረድ» የሚባል ፍርድም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ቆላ የነዳው ሰው ደሴ ላይ ሩቡ ቢጎድልበት የአየሩ ነገር ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይታይ።

ስለ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የሚመለስ ቁጥር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ቀበቶው ነው። በብዙ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ላይ የታይሚንግ ቀበቶ መብራት እንደ ሞዴሉ በየ100,000 ወይም 150,000 ኪሎ ሜትሩ ይበራል። መብራቱ ቀበቶውን አያይም፤ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው። ቀበቶ ሳይነካ መብራቱን ማጥፋት ቀላል ነው። ቁጥሩ ከተመለሰ ደግሞ ምልክቱ ራሱ ዋጋ የለውም። ቀበቶው ሄዶ ሄዶ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ ማስረጃ የሌለው መኪና ሲገዛ ቀበቶው ወዲያው ይቀየራል፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

በመንገድ ዳር ጀሪካን ናፍጣ ቀድቶ «ናፍጣ ናፍጣ ነው» ማለት ለአሮጌው 1ኤችዜድ ሞተር ብዙም አይከብደው ይሆናል። የፕራዶው ዲ-4ዲ (1ኬዲ) ሞተር ግን ነዳጁን ከ1,300 ባር በላይ ጨምቆ ነው የሚረጨው፤ ውሃና አቧራ ኢንጀክተሩን ይበሉታል። በዚሁ 1ኬዲ ሞተር ላይ የኢንጀክተሩ የመዳብ ዋሸሮች ሲያፈስሱ ጥቀርሻ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል። ዋሸሩ ኢምንት ነው፤ ዘይት ያጣ ሞተር ግን ሙሉ እድሳት ነው።

መለዋወጫ ላይ «አዲስ ሁልጊዜ ከአሮጌ ይሻላል» የሚለውም አይሠራም። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚወጣ ኦሪጅናል ካምቢዮ ከማይታወቅ ፋብሪካ ከመጣ አዲስ ሊበልጥ ይችላል። ቀበቶ፣ ጉዋርኒሲዮን፣ የውሃ ፖምፓና የፍሬን ሸራ ግን ከአሮጌ መኪና ተነቅሎ አይገዛም። ትዕዛዙም በሞዴል ስም አይላክ፤ «ፕራዶ» ሲባል ብዙ ዓይነት ነው። ያልገጠመውን ዕቃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶብስ ከመመለስ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ መላክ ይቀላል።