መዝገብ የሌለው ማኅበር

መጠጥ ለማቆም የቆረጠ ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ «ኤ ኤ ለምን አትሞክርም?» ሲባል ቶሎ የሚመጣበት ሐሳብ «ሰው ቢያየኝስ?» ነው። አይፈረድበትም። ጠጅና አረቄ በእኛ ቤት የእንግዳ ክብር ናቸው፤ በመጠጥ መውደቅ ግን ገመና ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤ ኤ፣ ለዚህ ፍርሃት ቦታ ሰጥቶ የቆመ ማኅበር ነው። የአባላት መዝገብ የለውም፤ መታወቂያ አይጠይቅም፤ ክፍያም የለም። መጠጥ ማቆም የፈለገ ሁሉ አባል ነው።

ጅማሬው እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮዋ አክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ሄዶ ሥራው ይከሽፍበታል። መጠጥ ከተወ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ካረፈበት ሆቴል ባር የሚሰማው ሳቅና ጫጫታ ይጠራዋል። እሱ ግን ስልክ አንስቶ ወደ ቀሳውስት ይደውል ጀመር፤ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲፈልጉለት። በሰው በሰው የተገኘለት ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ዶክተሩ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆይም ብሎ ሄዶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ፣ ጁን 10 ቀን የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ ማኅበሩም ያን ዕለት ልደቴ ይለዋል። ዊልሰን ስልኩን ያነሳው ሰው ለማዳን አልነበረም፤ ራሱ እንዳይጠጣ ነው። ዛሬ 180 ያህል አገሮች ውስጥ ያሉት ቡድኖች የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው፤ የቆየው አዲሱን ሲደግፍ እሱም ሳይጠጣ ይውላል።

ስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስለሆነ «ሃይማኖቴን ሊያስለውጡኝ ይሆን?» የሚል አለ። ክፍሉን ተከራይተው ነው። ዐሥራ ሁለቱ ደረጃዎች የሚሏቸው የማገገሚያ መመሪያዎች ፈጣሪን ይጠራሉ፤ እንዴት እንደሚረዳው ግን ለእያንዳንዱ ሰው የተተወ ነው። ይህም የማይዋጥለት እንደ ስማርት ሪከቨሪ ያሉ ሃይማኖት የማይነካካቸው ቡድኖች አሉለት።

ገብተው ሲያዩት ደግሞ ነገሩ ቀለል ያለ ነው። በክብ ወይም በረድፍ የተደረደሩ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ቡና (የእኛን ቡና የለመደ ብዙ አይጠብቅ)፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ጨዋታ። ተናጋሪው «ስሜ እገሌ ነው፣ አልኮሊክ ነኝ» ይላል፤ ቤቱ በአንድ ድምፅ ሰላም ይለዋል። ሲናገር የሚያቋርጠው የለም፤ ከጨረሰ በኋላም «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» የሚል መካሪ አይነሳም። ለእኔ የስብሰባው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ሽማግሌና የነፍስ አባት ለማይጠፋበት፣ ምክር ለጠገበ ሐበሻ ዕረፍት ነው። ተራው የደረሰው «ዛሬ ማዳመጥ ነው የምፈልገው» ቢል ማንም አይከፋበትም። መሐል ላይ ቅርጫት ይዞራል። ያለው አንድ ሁለት ዶላር ጣል ያደርጋል፤ እንግዳ አይጠበቅበትም። ለኪራይና ለቡና የሚውለው ይኸው ነው፤ ማኅበሩ ከውጭ ገንዘብ አይቀበልምና። በብዙ ቡድኖች ዘንድ ለመጀመሪያ ቀን፣ ለወር፣ ለዓመት እያሉ ሳንቲም የመሰለች ምልክት ይሰጣሉ፤ ተቀባዩ ሲነሳ ይጨበጨብለታል።

ስብሰባ ለማግኘት የከተማውን የኤ ኤ ቢሮ መጠየቅ ወይም ሚቲንግ ጋይድ የተባለውን አፕ ስልክ ላይ መጫን ይበቃል። «ክፍት» የሚባለው ስብሰባ ለማንም ስለሆነ ወዳጅ አስከትሎ መሄድ ይቻላል፤ «ዝግ» የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። የሴቶች፣ የወጣቶች፣ በኢንተርኔት የሚካሄድም አለ። ሰፈር ውስጥ መታየት ያስፈራው ራቅ ወዳለ ሰፈር ይሂድ። እዚያም ሐበሻ ካጋጠመው፣ ያም ሰው የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ካልጣመ ሌላ መሞከር ነው፤ ቡድኖች እንደ ሰዎቻቸው ይለያያሉ። ጠጥቶ በማሽከርከር ፍርድ ቤት የላከው ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ በብዙ ቡድኖች መጨረሻ ላይ ይፈርሙለታል። አዘውትሮ የሚመጣ ሰው ውሎ አድሮ ስፖንሰር ይይዛል፤ ቀደም ብሎ ያቆመ፣ አምሮቱ ሲነሳ በእኩለ ሌሊትም የሚደወልለት ሰው ነው።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰዎችን ከኤ ኤ ጋር የሚያገናኙ የሕክምና ዘዴዎች ጨርሶ ከመጠጥ በመራቅ በኩል ከሌሎቹ እንደማያንሱ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጡ አሳይቷል። ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። ስብሰባው ሕክምናን እንደማይተካም ይታወቅ። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥና ቅዠት ሊመጣበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላልና በቅድሚያ ሐኪም ይይ። ለትዳር ጓደኛና ለቤተሰብ ደግሞ የዊልሰን ባለቤት ሎይስ ከጀማሪዎቹ አንዷ የሆነችበት አል አኖን አለ።

እንግሊዝኛው የሚከብደው አማርኛ ተናጋሪም መንገድ አይዘጋበትም። በማኅበሩ ልማድ ላለመጠጣት ብለው የተሰበሰቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ሌላ ድርጅት እስካልተጠጉ ድረስ ራሳቸውን የኤ ኤ ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ፤ የሚጠየቅ ፈቃድ፣ የሚሾም ሊቀ መንበር የለም። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ወንበርና የታወቀ ሰዓት ካለ በአማርኛ መጀመር ይቻላል።