እጀታው ለምን ዘመመ? ከውጅግራ ጠመንጃ እስከ ወርቅ ሠሪው ፒንሳ

እስቲ መጀመሪያ አንድ እርሳስ አንሱ። ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ልክ ሰው ልትጨብጡ እንደምትዘረጉት። እርሳሱን በጭብጣችሁ ያዙት፤ አውራ ጣታችሁ በላይ በኩል ይሁን። እጃችሁን አታስጨንቁት። አሁን እርሳሱን ከጎን በኩል እዩት። ቀጥ ብሎ ቆሟል? አልቆመም። የላይኛው ጫፉ ወደ ፊት፣ ከእናንተ ወደሚርቀው አቅጣጫ ዘንበል ብሏል።

ቀጥሎ እርሳሱን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ለማቆም ሞክሩ። የእጅ አንጓችሁን ወደ አውራ ጣት በኩል ማጠፍ ግድ ይሆንባችኋል። እንደ ጎራዴ ወደ ፊት ካቀናችሁት ደግሞ አንጓው በተቃራኒው፣ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይታጠፋል። በሁለቱም ሁኔታ አጥብቃችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ድካሙ ይሰማችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዳፋችን አንድ ዘንግ ሲጨብጥ፣ ዘንጉ ከክንዳችን ጋር ልክ 90 ዲግሪ አይሠራም፤ በተፈጥሮው ያዘነብላል። ስለዚህ የምንይዘው እጀታ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞብን ይመጣል፦ ከሁለት አንዳችን መዝመም አለብን፤ ወይ እኔ እጀታው፣ ወይ የአንተ አንጓ። ማን ይዝመም?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነው። መልሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ውስጥ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነስተን ፒያሳን ብንዞር ይበቃናል።

አንጓ ውስጥ ምን አለ?

ከመነሳታችን በፊት አንድ ሙከራ ብቻ። ግራ እጃችሁን በቀኝ ክንዳችሁ ላይ፣ ከክርን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉ። አሁን የቀኝ እጃችሁን ጣቶች አጠፍ ዘርጋ አድርጓቸው። ክንዳችሁ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው ጣቶቻችሁን የሚያሠራው። ጣት ውስጥ ጣትን የሚያጥፍ ጡንቻ የለም። ዋናዎቹ ሳቢ ጡንቻዎች ክንድ ላይ ሆነው፣ ረጃጅም ጅማቶችን እየጎተቱ ነው ጣቶቻችንን የሚያዝዙት። የብስክሌት ፍሬን አስቡ፦ የምትጨብጡት ላይ ነው፣ የሚይዘው ግን ታች ጎማው ላይ ነው፤ መሃል ያለው ሽቦ ነው።

እነዚህ የክንዳችን ሽቦዎች ወደ መዳፍ የሚያልፉት በአንጓው ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከታች አጥንት፣ ከላይ ጠንካራ ማሰሪያ አለባት። በዚያች ጠባብ በር 9 ጅማቶችና አንድ ትልቅ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። አንጓው ቀጥ ሲል ሁሉም እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ሲታጠፍ ግን ጅማቶቹ በማጠፊያው ጥግ ይፋተጋሉ፣ ነርቩም ይጫናል። ይህ በቀን ሺህ ጊዜ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ጅማቱ ያብጣል። ያበጠ ጅማት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ የለም። ስለዚህ ነርቩን ይጨምቀዋል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት መደንዘዝ፣ ሌሊት በመውረር ስሜት መንቃት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጉልበትም ይቀንሳል። አንጓችሁን ወደ ውስጥ በደንብ አጥፋችሁ ጠንካራ ጡጫ ለመሥራት ሞክሩ። እምቢ ይላችኋል! ጡንቻው አስቀድሞ አጥሮ ስላለቀ የሚጎትተው ነገር የለውም። አንጓው ቀጥ ወይም ወደ ኋላ ትንሽ ሸሸት ሲል ነው ጭብጣችን ሙሉ ጉልበት የሚኖረው።

ውጅግራና ሁለቱ እጆች

አሁን ወደ አራዳ ጊዮርጊስ። ካቴድራሉ የተሠራው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ባህላዊ ሥዕሎችን አይታችሁ ከሆነ፣ ረጃጅም ጠመንጃ የያዙ ተኳሾችን ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ ዘመን ጠመንጃዎች ስመ ጥሩ ውጅግራ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ሲሆን፣ ስሙም ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት በእኛ አፍ ተለውጦ የመጣ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ።

አያያዙን ልብ በሉ። ሰደፉ ትከሻ ላይ ያርፋል። አንደኛው እጅ ቃታው አጠገብ ቀጭኑን እንጨት ይይዛል። ሌላው እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ከብረቱ ሥር ያለውን እንጨት ይደግፋል። ያ እንጨት ለጌጥ አልተቀመጠም። ባሩድ ሲነድ ብረቱ ይግላል፣ እንጨት ግን ሙቀት በቶሎ አያሳልፍም። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከ1000 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። የድስት መያዣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

በዚያ ዘመን የብዙ እግረኛ ጦር ጠመንጃዎች እንጨት ቀጥ ያለ ነበር። የተኳሹ እጅ ቀጥ ያለውን እንጨት ለመያዝ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይታጠፋል፤ የእርሳሱ የጎራዴ አያያዝ ማለት ነው። በኋላ የመጡት ጠመንጃዎች ቃታው ጋ ወደ ታች የወረደ እጀታ ጨመሩ። ሁላችንም በፊልም ያየነው ክላሽ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ ጊዜ እጀታው ዘመመ፣ አንጓው ቀና አለ።

የፊተኛው እጅ ተራ የደረሰው ቆይቶ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካኖቹ ቶምሰን ከፊት በኩል ወደ ታች የወረደ እጀታ ነበረው። እጀታው ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን የእርሳሱ ሌላኛው ችግር ይመጣል፦ ክንዱ ወደ ፊት ሲዘረጋ አንጓው ወደ አውራ ጣት በኩል ይታጠፋል። ስለዚህ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከላይ ወደ ፊት፣ ከታች ወደ ኋላ ያዘነበሉ የፊት እጀታዎች ተስፋፉ። መልካቸው ልክ እርሳሳችሁ በራሱ ጊዜ የያዘው ዝንባሌ ነው።

የት ላይ ይታሰር?

ዘመናዊዎቹ እጀታዎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተንሸራትተው እንደ ሰውየው ልክ ይታሰራሉ። ግን ልክ ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። ለሙከራው መጥረጊያ እንውሰድ።

የመጥረጊያችሁ ክብደት 4 ኪሎ ነው እንበል፤ ከባድ መጥረጊያ ነው፣ ግን ለስሌት ይመቸናል። አንዱን ጫፍ ትከሻችሁ ላይ አሳርፉ፤ የሚዛኑ ማዕከል ከትከሻችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። እጃችሁ እዚያው 50 ሳንቲ ሜትሩ ላይ ከደገፈ 4 ኪሎውን በሙሉ ይሸከማል። እጃችሁን ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ብትወስዱት ግን 4 በ50 ተባዝቶ ለ80 ሲካፈል 2.5 ኪሎ ብቻ ይደርስበታል። ቀለለ!

ታዲያ ሁልጊዜ ራቅ አድርጎ መያዝ ይሻላላ? ቆይ፣ አትቸኩሉ። ክንዳችሁን ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች የሚያዞረው ኃይል የሚለካው ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ ነው። በግርድፉ ብናሰላው 4 በ50 ሲባዛ 200፤ 2.5 በ80 ሲባዛም 200። እኩል! ትከሻችሁ ምንም አላተረፈም። እንዲያውም የክንዳችሁ የራሱ ክብደት አለ። አንድ ክንድ ከሰውነታችን ክብደት 5 ከመቶ ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ኪሎ መሆኑ ነው። በተዘረጋ ቁጥር ይከብዳል።

ትርፉ ሌላ ቦታ ነው፤ ከመንቀጥቀጥ ጋር የተያያዘ ነው። እጃችሁ በ1 ሳንቲ ሜትር ቢንቀጠቀጥ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዛችሁ መጥረጊያው የሚያመለክተው ነጥብ 5 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይፈናቀላል። 80 ላይ ከያዛችሁ ግን 6 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ብቻ። ስለዚህ አንዱን ስትይዙ ሌላውን ትለቃላችሁ፦ መርጋት ከፈለጋችሁ ትከሻችሁ ይደክማል፤ ትከሻችሁ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ ጫፉ ይወዛወዛል። ረጅም ክንድ ላለው የተመቸ ቦታ ለአጭሩ አይመችም። ልክ እንደ ልብስ ስፌት ነው፤ የሰው ልክ ለሰው አይሆንም።

ከጠመንጃ ወደ ፒንሳ

ይህ ሁሉ ስለ ጦር መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችንን ባላገባን ነበር። ግን ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ በሉና የፒያሳን ወርቅ ቤቶች አስቡ። መስኮቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ሀብልና ቀለበት እዚያ ከመድረሱ በፊት፣ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ሲያጥፍ፣ በሞረድ ሲሞርድ ውሏል። ቀጥ ያለ እጀታ ያለው ፒንሳ ከክንድ ጋር አንድ መስመር እንዲሠራ ሲፈለግ፣ የሚታጠፈው አንጓው ነው። እንደገና የእርሳሱ ጎራዴ!

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤርዊን ቲካወር የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ነገር አሜሪካ ውስጥ ዌስተርን ኤሌክትሪክ በተባለ ኩባንያ አጠና። ሽቦ ሥራ የሚለማመዱ አዲስ ሠራተኞች በሁለት ቡድን ሆኑ፤ አንደኛው የተለመደውን ቀጥ ያለ ፒንሳ፣ ሌላው እጀታው የታጠፈ ፒንሳ ያዘ። ከ12 ሳምንት በኋላ ቀጥ ያለውን ከያዙት ከግማሽ በላዩ የእጅና የክንድ ሕመም ሲታይባቸው፣ የታጠፈውን ከያዙት ግን ከ10 አንድ ያህሉ ብቻ ታመሙ። ሥራው አንድ ነው፣ ሽቦውም አንድ ነው። የተለወጠው የእጀታው ማዕዘን ብቻ ነው።

የዘመመ ሁሉ ግን ይሻላል ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጀታው እንደ ሽጉጥ የታጠፈ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ከፊታችሁ ያለ ግድግዳ ስትበሱ ደስ ይላል፤ አንጓችሁ ቀጥ ይላል። ያንኑ መሰርሰሪያ ጠረጴዛ ላይ ወደ ታች ለመብሳት ብትጠቀሙበት ግን ክርናችሁ ሽቅብ ይሰቀላል፣ አንጓችሁም ይጣመማል። እዚያ ቀጥ ያለው ይሻላል። ስለዚህ ትክክለኛው ማዕዘን መሣሪያው ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ በመሣሪያው፣ በሥራው አቅጣጫና በጠረጴዛው ከፍታ መካከል ነው።

አንዳንዴም መሣሪያው ሳይነካ አቋም ብቻ ይበቃል። ፒያሳ ማኪያቶ ስታዙ የባሪስታውን እጅ እዩት። የተፈጨውን ቡና ሲጠቀጥቅ ክርኑን ከፍ አድርጎ ክንዱን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ካደረገ፣ ጉልበቱ በቀጥታ ይወርዳል። ክርኑን ዝቅ አድርጎ በአንጓው ከገፋ ግን፣ ማታ አንጓው ሒሳቡን ይጠይቀዋል።

እናንተስ?

አዲስ ሙያ የምትለማመዱ ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ በእጁ የሚሠራ ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ሥራ ላይ እያለ ከጎን ሆናችሁ አንጓውን እዩት። ከታጠፈ በቅደም ተከተል ሞክሩ። መጀመሪያ የሚሠራውን ነገር አዙሩት። ካልሆነ ወንበሩን ወይም ጠረጴዛውን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ካልሆነ እጀታውን ለውጡ። እጀታው በጣም ከቀጠነ አሮጌ የብስክሌት ላስቲክ ጠምጥማችሁ አወፍሩት፤ ለብዙ ሰው ጭብጥ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይመቻል። በየመሃሉም እጅ ይረፍ።

ጣት መደንዘዝ ከጀመረ፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃ ከሆነ፣ «ይለምደዋል» ተብሎ አይታለፍም። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ የአውራ ጣት ጡንቻ እስከ መክሳት ሊደርስ ስለሚችል፣ በጊዜ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

አሁን እርሳሱን መልሳችሁ በጭብጣችሁ ያዙትና አንዴ እዩት። ያ ትንሽ ዝንባሌ የእጃችሁ ልክ ነው። ነገ ዕቃ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ፣ መዶሻም ይሁን ቢላ፣ ከዋጋው በፊት በእጃችሁ ያዙት፤ ማን እንደሚዘም ያኔ ይታያችኋል።