ትምህርቱ በነጻ፣ ዳታው በወላጅ ኪስ

ናይሮቢ ውስጥ ስለ ኦንላይን ትምህርት ሲወራ ብዙ ሰው ከአንድ እምነት ይነሳል፦ ኬንያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ በነጻ ስለሆነ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውንም ትምህርት መንግሥት ይከፍላል የሚል።

እምነቱ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኬንያ በመንግሥት ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ ክፍያን አስቀርታለች። በወቅቱ ለአንድ ተማሪ በዓመት 10,265 ሽልንግ ተመደበ፤ በ2018 ወደ 22,244 ከፍ አለ። ገንዘቡ ግን ተማሪው እጅ አይገባም። ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ገብቶ ለመማሪያ ቁሳቁስ፣ ለጥገና፣ ለመብራትና ለውሃ፣ ለድጋፍ ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። ልጁ ማታ ቤቱ ሆኖ ትምህርት ለማየት የሚያስፈልገው ዳታ በዚህ ድጎማ ውስጥ የለም። ድጎማው ራሱም ሳይሸራረፍ አይደርስም፦ በሐምሌ 2025 የፋይናንስ ሚኒስትሩ ጆን ምባዲ ለፓርላማ ኮሚቴ ቀርበው፣ መንግሥት በአንድ ተማሪ መመደብ የቻለው ወደ 16,900 ሽልንግ ገደማ መሆኑን ተናግረዋል።

ገንዘቡ የሚከተለው የመንግሥት ትምህርት ቤቱን መዝገብ መሆኑም መታወቅ አለበት። በናይሮቢ ሰፈሮች በኪቤራ፣ በማታሬና በሙኩሩ ብዙ ልጆች የሚማሩት ማኅበረሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ግለሰብ ባቋቋማቸው ትምህርት ቤቶች ነው፤ ድጎማው እነሱን አይነካም። ኔሚስ በተባለው የትምህርት መረጃ ሥርዓት ለመመዝገብም ለዓመታት የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ ኖሯል። በስደት ለሚኖር ቤተሰብ፣ በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ያሉትን ኢትዮጵያውያን ጨምሮ፣ ይህ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም።

«ላፕቶፕ ተሰጥቷቸው የለ?» የሚለው ሌላው ስህተት ነው። በ2013 ምርጫ ኡሁሩ ኬንያታ ቃል የገቡት ላፕቶፕ ታብሌት ሆኖ ከ2016 ጀምሮ ሲታደል የሄደው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ከሚሊዮን በላይ መሣሪያ ተሰራጭቷል። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጋር ግንኙነት አልነበረውም።

ከሁሉ የጠነከረው እምነት ግን ናይሮቢ የቴክኖሎጂ ከተማ ስለሆነች ሁሉም ቤት ኢንተርኔት አለው የሚለው ነው። የ2019 ሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገር ደረጃ ኢንተርኔት ያለው ቤተሰብ 17.9 በመቶ፣ ኮምፒውተር ወይም ታብሌት ያለው ደግሞ 8.8 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ናይሮቢ ከዚህ በእጅጉ ትሻል ነበር፤ ቢሆንም ያኔ ግማሽ አልደረሰችም። ቆጠራው ከተካሄደ ከወራት በኋላ፣ መጋቢት 2020፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሐምሌ 2020 የጉግል እህት ኩባንያ ሉን ከቴልኮም ኬንያ ጋር ሆኖ በ35 ገደማ ፊኛዎች ኢንተርኔት ከሰማይ መልቀቅ ሲጀምር የዓለም ዜና ሆነ። ዓመት ሳይሞላው ድርጅቱ ተዘጋ። ሲጀመርም ፊኛው የሚያደርሰው ሲግናል እንጂ ስልክም የዳታ ፓኬጅም አልነበረም።

ፓኬጁ ላይ ደግሞ ግብር አለ። በአየር ሰዓትና በዳታ ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ፣ ተማሪዎች ቤት ተቀምጠው በከረሙ ማግስት፣ በ2021 ከ15 ወደ 20 በመቶ ከፍ ተደረገ። ወደ 15 የተመለሰው በ2023 ነው። ትምህርቱን በነጻ አቅርቦ መግቢያውን የሚያስወድድ አሠራር ሊታረም ይገባል።

ትምህርቱ በእርግጥም ቀርቧል። የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ልማት ተቋም በኬቢሲ ሬዲዮ፣ በኤዱ ቲቪና በድረ ገጹ ትምህርት ሲያሰራጭ ቆይቷል። እዚህ ላይ የርቀት ትምህርት ማለት የግድ ቪዲዮ ነው የሚለው ግምት ይፈርሳል። የናይሮቢው ኤኔዛ ኤዱኬሽን በሳፋሪኮም መስመር የሚሰጠው ትምህርት ተራ የቁልፍ ስልክ ይበቃዋል፦ ተማሪው አጭር ቁጥር ደውሎ ክፍሉንና ትምህርቱን ይመርጣል፣ አጭር ማስታወሻ በኤስኤምኤስ ይደርሰዋል፣ ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል፣ መልሱን በፊደል ይልካል፣ ትክክል መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይነገረዋል። የአልጀብራን እርምጃ በዚህ ማስረዳት ይከብዳል። ለክለሳ ግን ያገለግላል፤ እናት ከሥራ ስትመለስ ብቻ ስልክ ለሚያገኝ ልጅ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በፕላዝማ የተማረ ኢትዮጵያዊ ልዩነቱን ያስተውላል፦ ከ2004 ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት ስክሪኑን ክፍል ድረስ አምጥቶ ነበር፤ በኬንያው መዘጋት ግን ስክሪኑን የመፈለጉ ጣጣ ለቤተሰብ ቀረ።

በመጨረሻ፣ ኦንላይን የጨረሰ ተማሪ በዚያው የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፍኬት ያገኛል የሚሉ አሉ። ብሔራዊውን ሰርተፍኬት የሚሰጠው የኬንያ ብሔራዊ ፈተናዎች ምክር ቤት ነው፤ በግል የሚፈተን ሰውም በታወቀ የፈተና ጣቢያ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ በአካል ተገኝቶ መቀመጥ አለበት። በነሐሴ 2023 ቻርተር የተሰጠው የኬንያ ክፍት ዩኒቨርሲቲም በስሙ ምክንያት ያሳስታል። የሚቀበለው ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁትን ነው።