ከሆስፒታል መልስ፣ ጉርሻው ይቆይ

እናታችሁ ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ ደርሶባቸው፣ ሳምንታት ሆስፒታል ቆይተው ቤት ገቡ እንበል። ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ቡናው ይፈላል፤ አንዷ ዘመድም «ምነው እንዲህ ከሳሽብኝ!» ብላ ጉርሻ ትጠቀልላለች። በፍቅር ነው። ግን እባካችሁ እጇን ያዝ አድርጉ።

አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ የሚጎዳው እጅና እግር ብቻ አይደለም፤ መዋጥም ሊያቅት ይችላል። ወደ ሆድ መውረድ የነበረበት ምግብ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። አንዳንዱን በሽተኛ ደግሞ ትን እንኳ አይለውም። ስለዚህ «አላሳላቸውም፣ ደህና ናቸው» ማለት አይበቃም። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ውሃን ነው፤ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ያመልጣል።

ከሆስፒታል ሳትወጡ ስፒች ቴራፒስቷን ጠይቁ። (ስሟ የንግግር ይሁን እንጂ መዋጥንም የምትመረምረው እሷ ናት።) አጥሚት ይቻላል? ምን ያህል ይወፍር? ገንፎስ? አጥሚት ምን እንደሆነ ላታውቅ ትችላለች፤ በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአት።

ስታበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ማንኪያው ትንሽ ይሁን፣ የፊተኛው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይቅረብ። በደከመው ጉንጭ ምግብ ተደብቆ ይቀራልና አፋቸውን አይታችሁ አጽዱ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም አይበሉ። ድምፃቸው ውሃ የያዘ ከመሰለ ወይም ካተኮሳቸው፣ ነገ እናያለን ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ደውሉ። ያቺ ዘመድ የእውነት መርዳት ከፈለገች፣ ሁለት ሰዓት አጠገባቸው ትቀመጥና እናንተ ተኙ። አስታማሚም ሰው ነው።

ራሳቸው መገላበጥ ካልቻሉ፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየስንት ሰዓቱ እንደምታገላብጧቸው ነርሷ ታሳያችሁ። ስታስነሷቸው የደከመውን እጅ አትጎትቱ፤ ትከሻው ይጎዳል።

«ለስትሮክ አስፒሪን ጥሩ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ደም ለፈሰሰበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት አደጋ አለው። የግፊት መድኃኒትም «ተሽሏቸዋል» ወይም «ጾም ነው» ተብሎ አይቋረጥም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ደም ፈስሶባቸው ለተረፉ የተቀመጠው የግፊት ግብ 130/80 ነው።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የ12 ዓመት ልጃችሁን «ዶክተሩ ምን አለ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። ለእሱ ሌላ ሥራ አለለት። በካርዶች ላይ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ በረደኝ ብሎ በአማርኛ ይጻፍ፤ ከሥሩም ሥዕል ይሳል። አያቱ ቃል ሲጠፋባቸው በጣታቸው ይጠቁሙታል። ለመናገር ሲሞክሩ ደግሞ ይጠብቃቸው፤ ቃሉን ከአፋቸው አይንጠቅ።