ሆድና ጉበት ጎረቤት ናቸው

በገላባትም ሆነ በገዳሪፍ ባለን ወገኖች መካከል ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ይዞት ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው የሚልም አይጠፋም። ጉበትን የሚጎዱት ግን ቫይረስ፣ መጠጥና የሻገተ እህል ናቸው። አሁን ደግሞ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር እያጠኑ ነው፤ በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት ከሚያገኘው ደም 75 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከሆድ ዕቃ ነው። ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ንጥረ ነገር በዚሁ ደም ቶሎ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ደግሞ ስብ የሚፈጭ ሐሞት ወደ አንጀት ይልካል። ባክቴሪያዎቹ ሐሞቱን ይለውጡትና ተመልሶ ወደ ጉበት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህ የተለወጠ ሐሞት በወፈሩ አይጦች ላይ የጉበት ካንሰርን እንደሚያግዝ አሳዩ። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ እነሱም በአይጥ ላይ፣ ካንሰርን የሚዋጉ የጉበት መከላከያ ሴሎችን እንደሚቀንስ አገኙ። በሁለቱም ጥናት ባክቴሪያዎቹ በአንቲባዮቲክ ሲገደሉ ካንሰሩ ቀንሷል።

ታዲያ «እኔም ከገበያ ካፕሱል ልግዛ» የሚል ካለ ይቆይ! ጥናቱ የአይጥ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተዋጠ ካፕሱል ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የተረፉት ደግሞ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ነገ ልጅ ሲታመም ያው ካፕሱል ላይሠራ ይችላል።

በእጃችን ያለው ሌላ ነው። ክረምት ገብቶ ድንኳኑ ሲያፈስ ማሽላና ለውዝ ይሻግታል። ከሻጋታ የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ቢቀቀልም አይጠፋም። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እህሉን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡ፤ ፀሐይ ሲወጣ አስጡት፤ የሻገተውንና የጠቆረውን ለውዝ ለቅማችሁ ጣሉ። እህል መጣል ያንገበግባል፤ ጉበት ግን በራሽን አይታደልም።

እናቶች ሆይ፣ ለሕፃናት የሚሰጠው የ5ቱ በሽታዎች ክትባት ሄፓታይተስ ቢንም ይከላከላልና አታስቀሩ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ያበጠ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ካለ ሥር ከመማስ በፊት ክሊኒክ ይታይ።