በሊዝቦን ስለ ተደረገው የሴቶች የእግር ኳስ ዋንጫ

ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝቦን፥ ዦዜ አልቫላዴ በሚባለው የጨዋታ ሜዳ፥ ከኤውሮፓ የሴቶች ክበቦች ዋንጫውን የሚወስደው የሚለይበት የመጨረሻው ግጥሚያ ተደረገ። የተገናኙትም የእንግሊዙ አርሰናልና የእስፓኙ ባርሴሎና ሲሆኑ፥ ለማየት የመጣው ሕዝብ ከ38 ሺህ በላይ ነበረ።

ባርሴሎና ለፍጻሜው ሲደርስ ይህ በተከታታይ አምስተኛው ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021፥ በ2023ና በ2024 ዋንጫውን ወስዶ ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰው ድሉን አስቀድሞ ለእርሱ ሰጥቶት ነበር። አርሰናል ግን ዋንጫውን ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በ2007 ነው። ደግሞም የመጣበት መንገድ ቀና አልነበረም። በጥቅምት 2024 ባየርን ሙኒክ 5 ለ 2 አሸነፈው፤ አሠልጣኙም ሥራውን ለቀቁ። ረዳት የነበሩት የሆላንድ ተወላጅ ሬኔ ስሌኸርስ በቦታው ተተኩ። ከዚያም በኋላ ማድሪድ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ፥ ለንደን ላይ 3 ለ 0 መለሰ። በሊዮንም በገዛ ሜዳው 2 ለ 1 ተረትቶ፥ በሳምንቱ ወደ ሊዮን ሄዶ 4 ለ 1 አሸነፈ። ስምንት ጊዜ ዋንጫ የወሰደን ክበብ በአገሩ እንዲህ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

በሊዝቦንም አርሰናል አስቀድሞ ያገባው ግብ በሥዕል ተመርምሮ ከጨዋታ ውጭ ነው ተብሎ ተሰረዘ። ከዕረፍት በኋላ የባርሴሎናዪቱ ክላውዲያ ፒና የመታችው ኳስ የግቡን አግዳሚ ነክቶ ተመለሰ። በ74ኛው ደቂቃ ግን ተለውጠው ከገቡት ሁለቱ፥ ቤት ሜድ አቀበለች፥ ስዊድናዊቱ ስቲና ብላክስቴኒየስ አገባች። ጨዋታውም 1 ለ 0 አለቀ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጨዋታ ከየት እንደ መጣ ብናስታውስ መልካም ነው። በፊተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ከተማ የጥይት ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ዲክ ኬር የሚባል ቡድን አቋቁመው ነበር። (አርሰናልም ራሱ በመጀመሪያ የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ነው፤ ስሙም ከዚያው የተገኘ ነው።) በታኅሣሥ 1920፥ በልደታቸው ማግስት፥ እነዚህ ሴቶች በሊቨርፑል በጉዲሰን ፓርክ ሲጫወቱ 53 ሺህ ሰው ገብቶ ተመለከተ፤ ቦታ አጥቶ በደጅ የቀረውም ብዙ ነበረ። የተሰበሰበውም ገንዘብ፥ ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ፥ ለበጎ አድራጎት ዋለ።

ዓመት ሳይሞላ፥ በታኅሣሥ 5 ቀን 1921፥ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የእግር ኳስ ለሴቶች አይስማማም፥ ከመግቢያው ገንዘብም ለምጽዋት የሚደርሰው አነስተኛ ነው የሚል ውሳኔ አወጣ። ሴቶቹ እንዳይጫወቱ በቀጥታ አላዘዘም፤ ክበቦቹ ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ብቻ አዘዘ። ሥልጣን ያለው ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ይህ ነው። ሜዳ ያጣ ጨዋታ ተመልካች ያጣል፤ ተመልካች ያጣም ገንዘብ ያጣል፤ ከዚያም ቀድሞውንም የሚያየው ሰው አልነበረም ይባላል። ይህ ትእዛዝ እስከ 1971 ድረስ፥ ኀምሳ ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ። ማኅበሩ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከተከለከሉት ሴቶች አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 በሞሮኮ በተደረገው የአፍሪካ ክበቦች ውድድር ተሰልፎ ነበር። እነዚህ ልጆች በየትኛው ሜዳ፥ በየትኛው ሰዓት ይለማመዳሉ ብሎ የሚጠይቅ ሹም ቢገኝ፥ መልሱ በደብዳቤ ሳይሆን በቦታው ሄዶ በዓይን ቢታይ ይሻላል።

አርሰናል ማድሪድን 3 ለ 0 የመለሰው በለንደን በክበቡ ትልቅ ሜዳ፥ ወንዶቹ በሚጫወቱበት ነው። ሊዝቦን ካሸነፉም በኋላ በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ዋንጫውን ይዘው ከዚሁ ሜዳ ደጅ ቆሙ፥ ለተሰበሰበውም ሕዝብ አሳዩ።