ሬድዮ የለው፣ ምንጣፍ የለው፤ ሰው ግን ያብድለታል!

ለመሆኑ አንባብያን፣ 400 ሺህ ዶላር ያህል ከፍላችሁ የገዛችሁት አዲስ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ሬድዮ ብትፈልጉ የለም፣ ምንጣፍ ብትፈልጉ የለም፣ ወጥታችሁ ለማምለጥ የበር እጀታ ብትፈልጉ እሱም የለም፤ በእጀታው ፋንታ አንዲት ቀጭን ገመድ በሩ ላይ ተወጥራ ብታገኙ ምን ትላላችሁ? «ሌባ ያዙልኝ!» ብላችሁ ትጮኹ ይሆናል፡፡ ይህን መኪና የገዙት ሰዎች ግን አልጮኹም፡፡ እንዲያውም ተራ ለመያዝ ተጋፉበት፡፡

ስሙ ፌራሪ ኤፍ 40 ይባላል፡፡ ከእናንተ መሀል በልጅነቱ የዚህን መኪና ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ የለጠፈ አይጠፋም፡፡ ቀይ ነው፡፡ ከኋላው እንደ መደርደሪያ ከፍ ያለ ክንፍ አለው፡፡ ከመሬት እስከ ጣሪያው 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ አጠገቡ የቆመ ሰው ከወገቡ ብዙም አያልፍለትም፡፡ ስፋቱ ግን 2 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፡፡ ተንጋሎ የተኛ ነገር ነው በአጭሩ፡፡

የሽማግሌው የመጨረሻ መኪና

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በሰሜን ኢጣልያ፣ ሞዴና ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ማራኔሎ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፡፡ የፌራሪ ፋብሪካ እዚያ ነው፡፡ ፋብሪካውም መኪናውም የሚጠሩት በመሥራቹ ሽማግሌ ስም ነው፡፡ እኚህ ሰው በስማቸው የመጀመሪያውን መኪና ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር፡፡ 40ኛው ዓመት ሲደርስ እሳቸውም 89 ዓመታቸው ነበር፡፡ በበዓሉ የተሠራው መኪና እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1987 ማራኔሎ ውስጥ ጨርቁ ተገፎ ታየ፡፡ «40» የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚሁ ነው፡፡ በዓመቱ፣ ኦገስት 14 ቀን 1988፣ ሽማግሌው በ90 ዓመታቸው አረፉ፡፡ በሕይወት እያሉ «ይውጣ» ብለው የፈቀዱት የመጨረሻው የመንገድ መኪና ይኸው ሆነ፡፡

ይሁን እንጂ የመኪናው አወላለድ በበዓል ብቻ አይደለም፡፡ ከዚያ በፊት ፋብሪካው 288 ጂ.ቲ.ኦ. የሚባል መኪና ሠርቶ «ግሩፕ ቢ» ለሚባለው የውድድር ዓይነት እያሰናዳው ነበር፡፡ የግሩፕ ቢ ደንብ ልቅ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1986 በፖርቱጋሉ ራሊ አንድ መኪና መንገድ ስቶ ከተመልካች መሀል ገባና ሰው ገደለ፡፡ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ኮርሲካ ደሴት ላይ ደግሞ አንድ ሾፌርና መንገድ መሪው ከመንገድ ወጥተው መኪናቸው እንዳለ ጋየ፤ ሁለቱም ሞቱ፡፡ ከዚህ በኋላ ውድድሩ ተዘጋ፡፡ ፌራሪዎች የለፉበት መኪና አንድም ቀን ለዚያ ውድድር ሳይሰለፍ መና ቀረ፡፡ ኤፍ 40 የተወለደው ከዚህ መና ከቀረ ሥራ ነው፡፡ ልብ በሉ፤ ለውድድር ሜዳ እንኳ በዛ የተባለውን ነገር ታርጋ ለጥፈው ወደ ሕዝብ መንገድ አመጡት ማለት ነው!

ጋራዥ ውስጥ ጣልያንኛ እናውቃለን እኮ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፡፡ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ስፖኪዮ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን… እነዚህ ሁሉ እኛ ጋራዥ ውስጥ የምንጠራቸው ቃላት ከጣልያን የመጡ ናቸው፡፡ ስለዚህ ፌራሪን በአማርኛ መተረክ ብዙም አያስቸግርም፡፡ ዝምድናው በዚህም አያበቃም፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ሆና ስንቱን ያመላለሰችው ሴይቼንቶ የፊያት ልጅ ናት፡፡ ፊያት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የፌራሪን እኩሌታ ገዛ፤ ፌራሪ ከዚያ ቤተሰብ የወጣው በ2016 ነው፡፡ ሁለቱም ሞተራቸው ከተሳፋሪው ጀርባ ነው፡፡ የመጀመሪያዋ ሴይቼንቶ 633 ሲ.ሲ. ሞተርና ከ25 በታች የፈረስ ጉልበት ነበራት፡፡ የአጎቷ ልጅ ኤፍ 40 ግን 478 የፈረስ ጉልበት አለው፡፡ ዘመድ ከዘመድ ይለያያል፡፡

የሚገርመው የሞተሩ ትንሽነት ነው፡፡ 8 ሲሊንደር ይሁን እንጂ 2936 ሲ.ሲ. ነው፤ 3 ሊትር እንኳ አይሞላም፡፡ ገጠር ለገጠር የሚዞረው ላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ዲዝል ተሸክሞ ጉልበቱ የዚህን ሲሶ አያህልም፡፡ ታዲያ ከየት መጣ ጉልበቱ? ከሁለት ቱርቦዎች፡፡ ቱርቦ ማለት፣ ለማያውቁት፣ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ እንዲሁ በማርሚታ ከመጥፋቱ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር የሚያዞርበት ነገር ነው፡፡ ያቺ መዘውር ሌላዋን ታዞራለች፤ ሌላዋ አየር እየጨቆነች ወደ ሲሊንደሩ ትልካለች፡፡ አየር ሲበዛ ቤንዚንም ይጨመራል፤ ፍንዳታው ይበረታል፡፡ ብልጠት ነው፤ የሚጣለውን ጭስ መልሶ ማሠራት፡፡

ጣጣው ግን እዚሁ ላይ ነው፡፡ መዘውሯ እስክትፈጥን ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፡፡ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሄድ መኪናው የደከመው ሰው ይመስላል፡፡ ቤንዚን ትረግጣላችሁ፤ ምንም የለም፡፡ ጨመር አድርጋችሁ ትረግጣላችሁ፤ አሁንም ፀጥ፡፡ «ይኼ ነው እንዴ ፌራሪ?» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ 4 ሺህ ዙር አካባቢ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ከኋላችሁ በርግጫ የመታችሁ ያህል ተወርውሮ ይሄዳል፡፡ ቀጥ ባለ ደረቅ መንገድ ላይ ከሆነ ያስቃል፡፡ ኩርባ ላይ፣ ያውም ዝናብ ጥሎ ከሆነስ? የኋላ ጎማዎቹ ስፋታቸው 33 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ያን ሁሉ ጉልበት እርጥብ አስፋልት ላይ አይችሉትም፡፡ ጅራቱ ይወጣል፡፡ ሾፌሩ ደንግጦ እግሩን ድንገት ካነሳ ደግሞ ይባስ ይሽከረከራል፡፡ መኪናው ለዚህ የሚሆን ረዳት የለውም፡፡ ጎማ ሲንሸራተት የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር የለም፡፡ ኤ.ቢ.ኤስ. የለም፡፡ መሪውን የሚያቀል ዘይት የለም፤ ፍሬኑን የሚያግዝ ሰርቮም የለም፤ በእግራችሁ ጉልበት ብቻ ነው የምትረግጡት፡፡

በዚያው ዘመን ጀርመኖቹ ፖርሽ 959 የሚባል አውጥተው ነበር፡፡ እሱ በአራቱም ጎማ ይስባል፣ በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ነው፣ 317 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፡፡ ጎበዝ ተማሪ ማለት ነው፡፡ ኤፍ 40 ግን 324 ይሄዳል ተባለ፤ ባለ 200 ማይሏን ድንበር አለፍኩ ብሎ ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የመንገድ መኪናም ሆነ፡፡ ከቆመበት ተነስቶ 200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ 12 ሴኮንድ ይበቃዋል፡፡ የትኛው ይሻላል ካላችሁ፣ ሚስትና ልጅ ላለው ሰው ፖርሹን እንመክራለን፡፡ ልቡ የቆመው የቱ ጋ እንደሆነ ግን ሚስትየዋም ታውቀዋለች፡፡

ድርና ማግ ያለው መኪና

ምስጢሩ ክብደቱ ነው፡፡ ፋብሪካው ያወጣው ደረቅ ክብደት 1100 ኪሎ ነው፤ ዛሬ መንገድ ላይ ከምናያቸው ብዙ የቤት መኪናዎች ያነሰ፡፡ አጥንቱ ከብረት ቱቦ ነው የተበየደው፡፡ ከላዩ ያለው ገላ ግን ቆርቆሮ አይደለም፤ ካርቦን ፋይበርና ኬቭላር ነው፡፡ ኬቭላር ጥይት የሚከላከል ሰደርያ የሚሠራበት ክር ነው፡፡ ቀለሙም ክብደት እንዳይጨምር ስስ ተደርጎ ስለተቀባ፣ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከቀዩ ሥር የክሩ ሽመና እንደ ሸማ ድርና ማግ ይታየዋል፡፡ ሌላ መኪና ላይ ቢሆን «አቀባቡ ችግር አለበት» ተብሎ ይመለስ ነበር፡፡ እዚህ ግን ገዢው ሽመናው የሚታየውን ይፈልጋል፤ ወፍራም ቀለም ካየ «ተጋጭቶ ተቀብቷል» ብሎ ይጠረጥራል፡፡

ቅርጹን ያወጡት የቱሪኖቹ ፒኒንፋሪናዎች ናቸው፡፡ ክንፉ ለውበት አይደለም፤ መኪናው ሲፈጥን አየር ሊያነሳው ስለሚታገል ክንፉ ወደታች ይጫነዋል፡፡ ከሞተሩ በላይ ያለው መሸፈኛ በመስኮት መጋረጃ አምሳል የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚውም ሞተሩን ያይበታል፡፡ የጭስ ማውጫው ደግሞ ሦስት ነው፡፡ ሁለቱ የግራና የቀኝ ሲሊንደሮች ጭስ ማውጫ ሲሆኑ መሀለኛው ቱርቦው ሲበዛበት የሚተነፍስባት ናት፡፡

ውስጡን ነግረናችኋል፡፡ የዳሽቦርዱ ሥር ላይ ብረቱንና ገላውን ያጣበቁበት አረንጓዴ ሙጫ ሳይሸፈን ይታያል፡፡ በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የጎን መስኮቱ መስታወት ሳይሆን ተንሸራታች ፕላስቲክ ነበር፡፡ አንድ ምቾት ብቻ ሰጥተዋል፤ ማቀዝቀዣ፡፡ እሱም ደግነት አይምሰላችሁ፤ ከጀርባ ያ ሞተር እየነደደ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቀመጥበት ስለሌለ ነው፡፡

የገንዘቡ ነገር

ፋብሪካው መጀመሪያ ያሰበው 400 መኪና ለመሥራት ነበር፡፡ ሽማግሌው ሲያርፉ ግን ነገር ተለወጠ፡፡ «ከእንግዲህ የእሳቸው እጅ ያረፈበት አይወጣም» ተባለና መኪና መንዳት የማይወዱ ሰዎች ሁሉ ለንግድ ገቡበት፡፡ ተራ የያዘ ሰው ተራውን ብቻ እየሸጠ ያተርፍ ጀመር፡፡ ዋጋው ወደ ሚሊዮን ዶላር ተተኮሰ፡፡ ፋብሪካውም ዝም አላለም፤ እስከ 1992 ድረስ ከ1300 በላይ ሠራ፡፡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ሲቀዘቅዝ ዋጋው ወረደ፣ ተበድሮ የገዛውም ቁጭ ብሎ አለቀሰ፡፡ በቅርብ ዓመታት ግን በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጡ አሉ፡፡ ታዲያ ይህን ሰምታችሁ «መኪና ወርቅ ነው» እንዳትሉ፤ በመሀሉ ያለፉትን ዓመታት መጠበቅ የቻለው ከመጀመሪያውም ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው፡፡

ማቆየቱም ወጪ አለው፡፡ ቤንዚኑ የሚቀመጥባቸው ሁለት ጋኖች እንደ ውድድር መኪና የጎማ ከረጢቶች ናቸው፤ 120 ሊትር ይይዛሉ፡፡ ጎማ ያረጃል፡፡ ስለዚህ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም በየአሥር ዓመቱ ያህል ይለወጣሉ፡፡ ይህን ማዘግየት ቀልድ አይደለም፤ ቤንዚን እና ትኩስ ቱርቦ ጎረቤት ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 ሞናኮ ውስጥ አንድ ኤፍ 40 በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ጋይቷል፡፡ ሰዎች በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ሊያጠፉት ሲታገሉ የሚያሳየው ፊልም ዓለምን አዳርሷል፡፡ ኬቭላሩ ጥይት ይችል ይሆናል፣ እሳት ላይ ግን ያየነውን አይተናል፡፡

አንድ የዱባይ ሙሽራ

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ ደርሶናል፡፡ ጠያቂው ዱባይ የሚኖር ወጣት ነው፤ ስሙ ይቆየን፡፡ በቅርቡ ያገባል፡፡ ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ለሠርጉ ቀን ፌራሪ ሊከራዩለት ነው፤ እሱም ራሱ ሊነዳ ቆርጧል፡፡ እጮኛው ግን «እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም» ብላ ተኳርፈዋል፡፡ «ፈሪ ሆና ነው ወይስ እኔ አጥፍቻለሁ?» ይላል፡፡

ወንድማችን፣ አንተ የምትከራየው ኤፍ 40 አይደለም፤ እሱን ማንም አያከራይህም፡፡ የሚሰጡህ አዲሶቹን ነው፡፡ ለምሳሌ በ2021 ይፋ የሆነው 296 የሚባለው ሞተሩና ኤሌክትሪኩ ተደምሮ 830 የፈረስ ጉልበት አለው፡፡ የሚጠብቅህ ኮምፒዩተር አለው፤ መሪው ላይ ያለችው ትንሽ መዞሪያ ናት የምታዘው፡፡ እሷን ጓደኞችህ «አዙራት፣ አጥፋት» ሲሉህ አትስማቸው፡፡ ካጠፋሃት ከላይ ያወራነው የድሮው ፀባይ በእጥፍ ይመጣብሃል፡፡ ውሉንም ሳትፈርም አንብብ፤ መያዣው ስንት ነው፣ ቢጫር ማን ይከፍላል፣ ኢንሹራንሱ እስከምን ድረስ ይሸፍናል፡፡ ሠርግ ላይ የጠጣህ እንደሆነ ቁልፉን አትንካ፤ በዚያ አገር ሕጉም ቀልድ አያውቅም፡፡

እጮኛህ ፈሪ አይደለችም፡፡ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ውሰዳትና ቆሞ ሳለ ውስጡ ትቀመጥ፣ ቀስ ብለህ ሰፈሩን አዙራት፡፡ ያኔም እምቢ ካለች ክርክሩን ተወው፣ ጥሩ መርሴዲስ ከነሾፌሩ ተከራይ፡፡ «ፌራሪውን ሾፌር ይንዳልን» ማለት ደግሞ አያዋጣም፤ መቀመጫው ሁለት ብቻ ነው፣ ሙሽሪት ከሾፌሩ ጋር ትሄድና አንተ በታክሲ ትከተላለህ፡፡ እሺ ካለችም ቬሎዋን ከማሰፋቷ በፊት በዚያች በር መግባት መውጣቱን ትሞክረው፤ ሰፊ ቀሚስና ፌራሪ አንድ ላይ አይገቡም፡፡